«ካሜራችሁን ቤት ተዉት» ላሉን፦ ስለ ትራክ ብስክሌት ፎቶ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ርዕሱ «ካሜራችሁን ቤት ተዉት» ይላል። የሚያወራው አዳራሽ ውስጥ ስለሚካሄድ የትራክ ብስክሌት ውድድር ነው። ጸሐፊው አውሮፓ ሄደው አንድ ምሽት ቬሎድሮም፣ ማለትም የትራክ ብስክሌት አዳራሽ፣ ገብተዋል። ካሜራ ይዘው ነበር። ያነሡት ሁሉ ወይ ጠቁሯል ወይ ደብዝዟል። ከዚያ ተነሥተው፣ ባለሙያ ያልሆነ ተመልካች እዚያ ካሜራ ይዞ መግባቱ ከንቱ ድካም ነው ብለው ጻፉ።

ጽሑፉን የላከችልኝ ባሕር ዳር ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ማስተርሷን እየተማረች ነው። በየዓመቱ ህዳር ላይ እዚያ የሚካሄደውን የስድስት ቀን የብስክሌት ውድድር ለማየት ትኬት ቆርጣለች። «ጋሼ፣ ካሜራዬን ይዤ ልሄድ ነበር። ይቺን ሳነብ ግን ተውኩት» አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ፎቶ የማለማምዳቸው ልጆችም ተቀባብለውታል። ዝም ብል ለእነሱ ጥሩ አልሆነም።

እኔም ባለሙያ አይደለሁም። መምህር ነኝ። ለትምህርት ሁለት ዓመት ለንደን ኖሬያለሁ። ለ2012ቱ (እ.ኤ.አ.) ኦሎምፒክ የተሠራው ቬሎድሮም ከቤቴ በእግር ይደረስ ነበር። ርካሽ ትኬት በተገኘ ቁጥር ገብቻለሁ። የያዝኩት አሮጌ ካኖን ካሜራና አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። የምመልሰው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

የጸሐፊውን ሐሳብ እንዳላዛባ በአጭሩ ላስቀምጠው። ውድ ካሜራና ረጅም ሌንስ ከሌላችሁ አትሞክሩት ይላሉ። አዳራሹ ጨለማ ስለሆነ ያለ ፍላሽ አይሆንም፤ እሱን ደግሞ ይከለክላሉ ይላሉ። ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራ መዝጊያ) ከ1/2000 ሰከንድ ከዘገየ የሚወጣው ፎቶ ውድቅ ነው ይላሉ። ከተመልካች ወንበር የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው ይላሉ። ውድድሩ ያው ክብ እየዞሩ መመላለስ ስለሆነ አንዴ ካነሡት የቀረው ድግግሞሽ ነው ይላሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለእኛ አገር ልጅ ይህ ምን ያደርግለታል ብለው ይጠይቃሉ።

ከፍላሹ ልጀምር። ሌላው ስሕተት ፎቶ ያበላሻል፣ ይሄኛው ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ጸሐፊው አንዲት አስተናባሪ ፍላሹን አጥፋ ስላለቻቸው ተቀይመዋል። ልጅቷ ግን ትክክል ነበረች። የትራክ ብስክሌት ፍሬን የለውም። ማርሹ አንድ ብቻ ነው። ፔዳሉ ከኋላ ጎማው ጋር ተያይዞ ስለሚዞር ብስክሌተኛው እግሩን እንኳ ማሳረፍ አይችልም። ለንደን ላይ ኩርባው 42 ዲግሪ ያዘነብላል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው ጎማ ለጎማ ተጠጋግቶ ይበራል። ድንገት ዓይኑ ላይ ብርሃን የተረጨበት ሰው መቆም ቢፈልግ በምን ይቆማል?

ደግሞም ፍላሹ አይጠቅምም። ካሜራው ላይ ተገጥሞ የሚመጣው ትንሽ ፍላሽ በአይኤስኦ 100 (አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው) እና በኤፍ 5.6 (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) የሚደርሰው 2 ሜትር ገደማ ነው። አይኤስኦውን ወደ 1600 ብትወስዱት 8 ሜትር ቢሆን ነው። ብስክሌተኛው ያለው ከዚያ በጣም ርቆ ነው። የሚበራው ከፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ማጅራት ነው። ሌላም አለ። ተራ ካሜራ ፍላሹ ሲከፈት ሹተሩ ከ1/200 ገደማ አያልፍም። ጸሐፊው ግን በአንድ በኩል ፍላሽ ያስፈልጋል፣ በሌላ በኩል ከ1/2000 አትዘግዩ ይላሉ። ሁለቱ እንዲህ ባለ ካሜራ ላይ አብረው አይሄዱም። አንደኛው ምክራቸው ሌላኛውን ያፈርሰዋል።

አዳራሹ ከሚመስለው በላይ ጨለማ ነው ያሉት ግን እውነት ነው። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ዓይን ይለምዳል፣ ካሜራ አይለምድም። መፍትሔው ግን ፍላሽ ሳይሆን ሌንስ ነው፤ ስለዚህ ወደ ውድ ዕቃው ነጥብ ልለፍ።

ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ ሲያጎሉት ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ላይ ይጠባል። 50 ሚሊ ሜትሩ ኤፍ 1.8 ደግሞ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። አንደኛው አይኤስኦ 12800 የሚጠይቅበትን ቦታ ሌላው በ1600 ይወጣዋል። ከካኖንም ከኒኮንም ሌንሶች ውስጥ በዋጋ ከርካሾቹ የሚመደበው ደግሞ ይሄው 50 ነው። ረጅም ሌንስ ሩቁን ያቀርባል፤ ብርሃን ግን አይፈጥርም። አንዳንድ አዳራሽማ ትልቅ ሌንስ የያዘ ተመልካች አያስገባም፤ ትኬት ስትቆርጡ ደንቡን እዩ።

አሮጌ ካሜራ ፎከስ ሲፈልግ ይዘገያል ማለታቸውም ልክ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ምሽት በዚህ ምክንያት አጥቼዋለሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ጥርት ብሎ የወጣው ከብስክሌተኛው ኋላ ያለው ሰሌዳ ነበር። በሁለተኛው ምሽት አሠራሬን ቀየርኩ። ብስክሌተኛውን ማሳደድ ተውኩና የሚያልፍበትን ቦታ ጠበቅኩ።

ይህ የሚቻለው ትራኩ ራሱ ስለሚናገር ነው። ታችኛው ጥቁር መስመር ከውስጠኛው ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ተሰምሯል። ቀዩ ደግሞ 85 ሴንቲ ሜትር ላይ። ስፕሪንት በሚባለው የአጭር ርቀት ፉክክር የመጨረሻው ሩጫ ሲጀመር ከፊት የሚመራው ሰው በጥቁሩና በቀዩ መካከል ከሆነ ከዚያ መስመር እንዲወጣ አይፈቀድለትም። ከ1 ሜትር በጠበበች መንገድ ታስሮ ይመጣል ማለት ነው። መንገድ ላይ በሚደረግ ውድድር ብስክሌተኛው በየት በኩል እንደሚያልፍ ማን ያውቃል? እዚህ ግን አስቀድማችሁ መስመሩ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ፣ ቆልፋችሁ መጠበቅ ትችላላችሁ። የጣና ዓሣ አጥማጅ መረቡን ዘርግቶ ይጠብቃል እንጂ ዓሣ ሲያባርር አይውልም።

ስለ ብርሃኑ አንድ ነገር ይቀረኛል። ጸሐፊው «ተከታትለው ካነሣኋቸው ሁለት ፎቶዎች አንዱ ደህና፣ ሌላው ቢጫና ጨለማ ወጣ፤ ካሜራዬ ደካማ ነው» ብለዋል። ካሜራቸውን ያለ ጥፋቱ ነው የወቀሱት። የአውሮፓ መብራት፣ እንደ እኛው ሁሉ፣ በ50 ኸርዝ ነው የሚሠራው። በዚህ ኃይል የሚሠሩ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይን አያየውም። በ1/1000 የሚከፈት ሹተር ግን አንዴ ድምቀቱን ያገኘዋል፣ አንዴ ድብዘዛውን። ዘመን ቀመስ ካሜራ ይህን የሚቆጣጠር መቼት አለው። ከሌለው ሹተሩን 1/100 ላይ አድርጉት። ያኔ እያንዳንዱ ፎቶ አንድ ሙሉ የመብራት ዙር ይይዛል፣ ቀለሙም ይረጋጋል። በሮው (ካሜራው ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል) አንሡ፣ ቀለሙን በኋላ ታስተካክላላችሁ ብለው የመከሩትን ግን እኔም እደግመዋለሁ።

«1/100 ላይማ ሁሉም ይደበዝዛል» ትሉኝ ይሆናል። ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደረስን።

ሒሳቡን እንየው። በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ ሆላንዳዊው ሃሪ ላቭሬይሰን ፍጥነት ይዘው የሚገቡበትን 200 ሜትር በ9.088 ሰከንድ ጨረሰ። በሰከንድ 22 ሜትር ነው። በሰዓት ወደ 79 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሹተሩ 1/60 ላይ ተከፍቶ ሳለ ሰውየው 37 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። 1/250 ላይ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር፣ 1/1000 ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ጸሐፊው ይህን አይተው ነው 1/2000 ያሉት። እንዲህ ለሚፈጥን ሰው፣ በጎን ሲያልፍ፣ ካሜራው ዝም ብሎ ቆሞ ከሆነ ትክክል ናቸው።

ግን ማን ቁሞ ያነሣል? ወደ እናንተ ፊት ለፊት የሚመጣ ብስክሌተኛ ፍጥነቱ ያው ቢሆንም በፎቶው ውስጥ ወደ ጎን ብዙ አይንቀሳቀስም። ከኩርባው ሲወጣ ብታነሡት 1/400 ይበቃል። በጎን ሲያልፍ ደግሞ ካሜራውን ከእሱ ጋር አዙሩት። እግር ተተክሎ ይቆማል፣ ወገብ ይዞራል፣ ጣት ይጫናል፣ ከተጫነም በኋላ መዞሩ አይቋረጥም። ያኔ በ1/60 እንኳ ፊቱ ይያዛል፤ ጎማውና ኋላው ያለው ሕዝብ እንደ ፈሰሰ ቀለም ይሄዳል። ፍጥነት በፎቶ የሚታየው እንዲህ ነው። 1/2000 ላይ የቆመ ብስክሌተኛና የሚበር ብስክሌተኛ አንድ ይሆናሉ። ጎማው እንኳ የቆመ ይመስላል። ደብዛዛ ሁሉ ውድቅ ከሆነ፣ ምን ያህል እንደፈጠነ በምን እናሳይ?

ይህን የተማርኩት ለንደን ሳልሄድ ነው። እንጅባራ ላይ፣ ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ። ጥሩ ካሜራ ያለው ጓደኛዬ ፈረሱን አቁሞት መጣ፤ አራቱም እግር አየር ላይ፣ ጥርት ያለ። እኔ በ1/80 ካሜራዬን አዙሬ ያነሣሁት ውስጥ ግን የፈረሱ ጌጥ ይንቀጠቀጣል፣ አቧራው ይሮጣል። እናቴ ሁለቱንም አይታ የኔውን «ይሄኛው ይጋልባል» አለች።

ከወንበር የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው የተባለው እኔ ካየሁት ጋር አይገጥምም። ጸሐፊው የተቀመጡት ኩርባው አናት ላይ፣ ከአጥሩ ሥር ይመስለኛል። ከዚያ ቁልቁል ሲያዩ እውነትም የሚታየው ቆብና ጀርባ ነው። ግን የቬሎድሮምን ቅርጽ አስቡት። ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ገበቴ ነው። የለንደኑ የሳይቤሪያ ጥድ ነው። ገበቴ አንዱ ጠርዝ ላይ ብትቆሙ የሚታያችሁ የማዶው ጠርዝ ውስጠኛ ግድግዳ ነው። የማዶው ኩርባ ወደ እናንተ ዘንበል ብሎ፣ ብስክሌተኞቹን እንደ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ደርድሮ ያሳያችኋል። ጀርባው ንጹሕ እንጨት ነው። ባሕር ዳር ላይ የመንገድ ውድድር ያነሣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኛ ጋ ከብስክሌተኛው ኋላ ሁልጊዜ አንድ ባጃጅ አለ።

ስለዚህ ቀጥተኛው መስመር መጨረሻ አካባቢ፣ ከፍ ብሎ መቀመጥ ይሻላል። ወንበሩ ርካሽ ሊሆንም ይችላል።

«ፎቶ የሚገኘው መታወቂያ ያንጠለጠሉት ብቻ ከሚገቡበት መሃል ሜዳ ነው» የሚለው ደግሞ በየአገሩ አይሠራም። የጌንቱን ውድድር ራሱን እንይ። የሚካሄድበት አዳራሽ ኩይፕከ ይባላል። በአካባቢው ቋንቋ «ትንሿ ገንዳ» እንደማለት ነው። እኔ ገበቴ ስል እነሱም ገንዳ ብለውታል። ትራኩ 166 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ለንደንና ሌሎች የዘመኑ የኦሎምፒክ ትራኮች 250 ሲሆኑ። እዚያ ተራው ሕዝብ ትኬት ቆርጦ የሚቆመው መሃል ሜዳው ላይ ነው። ውድድሩ በዙሪያው ይዞራል። ልጅቷ የያዘችው ትኬትም የመሃሉ ነው! ጸሐፊው ለባለ መታወቂያ ብቻ ነው ያሉት ቦታ ላይ ልትቆም ትኬቷ በእጇ እያለ ነው ካሜራዋን ልትተው የነበረው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ «ያው ክብ ነው፣ ድግግሞሽ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ውድድሩን ያላወቀ ሰው ነው። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ጸሐፊው ያዩት አንድ ምሽት ነው። ግን አንድ ምሽት ቅዳሴ የሰማ ሰው «ያው ዜማ ነው» ቢለን ዝም አንለውም።

ስፕሪንት ላይ ሁለት ሰው ይወጣል። ውድድሩ እንደተጀመረ ይሮጣሉ ብላችሁ ስትጠብቁ እንደ ሽርሽር ይንፏቀቃሉ። አንዱ ሌላውን ከፊት እንዲሄድለት ይፈልጋል። ከኋላ ያለው ነፋስ ይከለልለታል፣ ጠላቱንም ያያል። አንዳንዴ ኩርባው ላይ ብስክሌቱን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። እግር አይወርድም። የብስክሌቱ መሪ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አንገት ዞሮ፣ ዓይን ለዓይን። ይህን ለማንሣት 1/125 ከበቂ በላይ ነው። ውድ ካሜራ ምን ይሠራል? ልጅ ሆነን በሰዓት በተከራየነው ሳይክል ማን ሳይወርድ ይቆማል እያልን የተወዳደርን ሁሉ ያቺን መንቀጥቀጥ እናውቃታለን።

ማሳደድ በሚባለው ውድድር መነሻው ላይ አንድ ማሽን የኋላ ጎማውን ቆንጥጦ ይይዛል። ሰከንድ ይቆጠራል። ብስክሌተኛው ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ከዚያ ይወረወራል። ማርሹ ከባድ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ርግጫዎች ዘገምተኛ ናቸው። ፊቱ ግን ሙሉ ኃይሉን አውጥቶታል። በዝግታ ላይ ያለ ትልቁ ጉልበት ይሄ ነው፤ አሮጌ ካሜራም አያመልጠውም። አራት ሆነው በሚያሳድዱበት ደግሞ ከፊት የሚመራው ሲደክም ኩርባው ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ ሦስቱ በሥሩ ያልፋሉ፣ ወርዶ ከጭራ ይቀጠላል። ያቺ የመውጣትና የመውረድ ቅጽበት ደጋግማ ትመጣለች። አንዷ ብታመልጣችሁ ሌላዋን ትጠብቃላችሁ። ድግግሞሽ ያሉት ነገር ለጀማሪ ስጦታ ነው።

ኪሪን የሚባል ውድድርም አለ። ደርኒ የምትባል ሞተር ከፊት ትመራለች፣ ብስክሌተኞቹ እንደ ጥጆች ተከትለው ይሰለፋሉ። ፍጥነቷን ከ30 ኪሎ ሜትር ጀምራ ወደ 50 ታሳድግና ሦስት ዙር ሲቀር ወጥታ ትተዋቸዋለች። ከዚያ ወዲያ ግርግር ነው። ደርኒዋ ስትወጣ ጣታችሁ ዝግጁ ይሁን።

ማዲሰን የሚባለው ውድድር ደግሞ የጌንት ዋናው ነገር ነው። ስሙን ያገኘው ከኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። አንዱ ሲሽቀዳደም ሌላው ከላይ በኩል ቀስ እያለ ያርፋል። ሲደርስበት እጅ ለእጅ ይያያዙና ሲሽቀዳደም የቆየው ያረፈውን ወደ ፊት ይወነጭፈዋል። በዚያ ፍጥነት፣ ፍሬን በሌለው ብስክሌት ላይ፣ አንድ እጅ ከመሪው ተነሥቶ! ያ የተያያዘ እጅ ከዚህ ስፖርት የማውቀው ትልቁ ፎቶ ነው። እኔ በብዙ ሙከራ ሁለት አግኝቻለሁ። አንደኛው ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቅንጣት ቅንጣት ብሏል፣ አይኤስኦው 3200 ነው። እንግዳ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ስለ ቅንጣቱ የጠየቀኝ ግን እስካሁን የለም።

ወደ መጨረሻው ልምጣ። «ቬሎድሮም ለሌለው ለጎጃም ልጅ ይህ ምኑ ነው?» ጥያቄው የቀና ይመስላል። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላልና። እኛ ግን ብስክሌትን እናውቀዋለን። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ዳቦ የሚያደርሰው ልጅ በሳይክል ነው የሚሄደው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በሜልቦርን 1956 ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት፤ ገረመው ደንቦባ ከእነሱ አንዱ ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን ሲጋልብ እዚህ ስንቱ ቲቪ ላይ ተተክሎ ነበር። ብስክሌት የሌላ ሰው ስፖርት ነው የሚለውን አልቀበልም።

ደግሞ የሚለመደው ነገር አዳራሹ ብቻ አይደለም። ደብዛዛ መብራት ያለበት ዳስ ውስጥ የጎጃምን እስክስታ ያነሣ ሰው ስለ ሹተርና ስለ አይኤስኦ የሚያስፈልገውን ተምሯል። ትከሻው ይንቀጠቀጥ፣ ፊቱ ይረጋ ከተባለ 1/60 እንደሚሆን በእጁ ያውቀዋል። ልጆቼ ይህን ይሠራሉ። አንዷ ጌንት ደርሳለች። ሌላው ነገ የት እንደሚደርስ እኔም ጸሐፊውም አናውቅም። ሳይሄዱ በፊት ካሜራችሁን ተዉት ማለት ግን ከባድ ቃል ነው።

ለልጅቷ ትናንት ደውዬ ነገርኳት። 50 ሚሊ ሜትሯን፣ አንድ ትርፍ ባትሪ ይዛ፣ ፍላሹን ዘግታ ትሄዳለች። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት አንድም ሳታነሣ እጅ የሚያያዙበትን ቦታ ብቻ እንድታይ ነግሬያታለሁ።

ጸሐፊውንም ልጋብዛቸው። ፈቃድዎ ከሆነ ካሜራዎን ይዘው ጥር 23 እንጅባራ ይምጡ። ከልጆቹ ጋር ሜዳው ዳር ቆመን፣ ፈረሶቹን በ1/60 አብረን እንሞክራቸው።